«ቤታችሁ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው ከሰላምታ ቀጥለው የጠየቁን ይህንን ነበር። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፤ ቦታው ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወረድ ብሎ የሚገኘው ጀልዴሳ ነው። ከመንደሩ ራቅ ብለን፣ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ ዳር፣ ግራሩ ጠቅጠቅ ብሎ ከበቀለበት ሥፍራ ሁለት ድንኳን ተክለናል። አንደኛው ካስማው ጠብቆለት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሁለተኛው፣ የእኔ መሆኑን መደበቅ አልችልም፣ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎኑ ዘመም ብሏል። ከመሀል ሦስት ድንጋይ ጎልተን ሻይ ጥደናል። ሽማግሌው ግመሎቻቸውን እየነዱ በግራሮቹ መካከል ብቅ አሉና ቆሙ። መጀመሪያ ድንኳኖቹን አዩ፤ ቀጥለው እኛን፤ ቀጥለው መኪናዋን። ከዚያ ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያም ጠየቁ።

ከአራታችን ሶማልኛ የሚችለው አንዱ ብቻ ነው። ከዚራ ተወልዶ ያደገ፣ እንደ ብዙው የድሬ ልጅ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩን የማያስተውል ሰው ነው። «አዴር» ብሎ ጀመረና ጥቂት ነገር መለሰላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዱላቸው ወደ ወንዙ አሸዋ እያመለከቱ አንድ ነገር አስጠነቀቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው የሚባል ልጅ፣ ከሥርና ከቃጫ የተጎነጎነ፣ በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ተሸክሞ መጣ። የግመል ወተት ነው። አስቀምጦልን ሄደ። እኛም ጠጣነው። ጥር በዚያ አገር የ«ጂላል»፣ የደረቁ ወቅት ወር ነው፤ ግጦሽ የሚሳሳበት፣ ግመልም ወተቷን የምትሰስትበት ጊዜ። ይህንን ያሰብሁት ግን ዕቃው ከጎደለ በኋላ ነው።

ማታ እሳቱን ከብበን ስንጫወት ጓደኛችንን ሽማግሌው ምን እንዳሉት ጠየቅነው። ነገረን።

«አንተስ ምን መለስህ?»

«መንገደኞች ነን፤ ዛሬን እዚህ አድረን እናልፋለን አልኳቸው።»

«መች እናልፋለን? ሦስት ሌሊት ልናድር አይደል የመጣነው?»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ፤ እሳቱን እየቆሰቆሰ። «‹ቤታችን ደኅና ነው፤ ትተነው የመጣነው ሜዳ ላይ ማደር አምሮን ነው› ልላቸው አስቤ ነበር። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።»

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። ከመካከላችን አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ነገሩን እንደ ሙያው ቶሎ ሊዘጋው ፈለገ። «አንድ ዕቃ ወተት ነው፤ ነገ ዋጋውን እንሰጣቸዋለን፤ አለቀ» አለ። ሌላው «መንገደኛ ማለት ውሸት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ መጥተን የለ?» አለ። እኔ በበኩሌ ዝም ብዬ ነበር፤ ዝም ያልሁትም ብልህ ስለሆንሁ ሳይሆን ወተቱ ሆዴ ውስጥ ስለነበረ ነው። ለተቸገረ ሰው የተሰጠ ነገር ሳልቸገር ቀምሻለሁ። ልመልሰው አልችልም። እዚህ ላይ ጥያቄው ከወተቱ ያልፋል፤ ቤት ያለው ሰው ቤት እንደሌለው ሆኖ ማደሩ ምንድነው? ጨዋታ ነው? ትምህርት ነው? ወይስ ሳናውቀው በሌላው ችግር መቀለድ?

በእኛ አገር ድንኳን ለመዝናኛ ሲተከል የታየው በቅርቡ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ወጣት «ካምፕ ልንወጣ ነው» ሲል ደስ ይለዋል። በእኔ የልጅነት ዘመን ግን «ካምፕ» ማለት የጦር ሠፈር ነው፤ አለዚያም የስደተኛ መጠለያ ነው፤ ማንም ሰው ካምፕ ገባ ሲባል እንኳን ደስ ያለህ አይባልም ነበር። ድንኳን ራሱ የንጉሥ ነበር፤ የዘማች ነበር፤ የሰርግና የለቅሶ ነበር። ዛሬም ቢሆን የከተማ ሰው ሥራ ውሎ ሲገባ የእድሩ ድንኳን በጎረቤት ደጅ ተተክሎ ቢያይ መጀመሪያ ልቡ ቀጥ ይላል፤ ኋላ ነው «የማን ሰርግ ይሆን?» ብሎ ራሱን የሚያጽናና።

የቋንቋችንም ነገር ያው ነው። «ከተማ» የምንለው ቃል የመጣው ንጉሥ ከነሠራዊቱ ከከተተበት ሥፍራ ነው። «ሰፈር» የምንለውም ከመስፈር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እያልን የምንጠራው መንደር መኳንንቱ ከነጭፍራቸው የሰፈሩበት ነው። «ደብተራ» እንኳ በግእዙ ድንኳን ማለት ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአጼ ልብነ ድንግል ዘመን እዚህ ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ ያየው ዋና ከተማ ሙሉ በሙሉ በድንኳን የተሠራ ነበር። ንጉሡ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲሰፍር ድንኳኑ ሁሉ እንደ ቀድሞው ሥርዓት ይተከላል፤ በቀኝ የሚሰፍረው በቀኝ፣ በግራ የሚሰፍረው በግራ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ቦታ ቦታቸውን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ፋሲል ጎንደርን መሥርቶ በድንጋይ እስኪገነባ ድረስ ነገሩ በዚሁ መልክ ነው የኖረው። ምኒልክም ቢሆኑ ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ የወረዱት ድንኳን ይዘው ነው። አያቶቻችን ከድንኳን ወጥተው ቤት ለመግባት ያን ያህል ዘመን ደከሙ፤ እኛ ደግሞ በቅዳሜና እሑድ ገንዘብ ከፍለን ወደ ድንኳን እንመለሳለን። አያቴ ይህንን ብታይ ምን ትል ነበር?

ለሽማግሌው ግን ድንኳን ይህ ሁሉ ታሪክ አይደለም። እርሳቸው ድንኳን ያዩበት ጊዜ ይታወቃል። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጅ ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ የሸሸው ሕዝብ ብዙ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ ቤታቸውን ውኃ የወሰደባቸው በድንኳን ሰነበቱ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነቀሉ ድሬዳዋም ብዙዎቹን በመጠለያ ተቀብላለች። እንግዲህ በዚህ አገር ያረጀ ሰው፣ የሰው ልጅ በግራር ሥር ሸራ ወጥሮ ተቀምጦ ሲያይ «ቤታችሁ ምን ሆነ?» ቢል ጥያቄው የገራገር ጥያቄ አይደለም። ያየውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «አገሩ ሁሉ መጠለያ አጥቶ ሳለ ሜዳ ላይ አድሮ መዝናናት ነውር ነው» ብሎ መፍረድ ይቀላል። እኔም በዚያች ሌሊት ለጥቂት ጊዜ እንዲያ አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህ ፍርድ ሩቅ አይወስድም። እንዲህ ከሆነ የተራበ ሰው እስካለ ድረስ ሰርግ መደገስም ነውር ነው፤ ማንበብ የማይችል እስካለ ድረስ ይህንን መጽሔት መግዛትም ነውር ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሜዳ ማደር ለከተማ ሰው የሚያስተምረው ነገር አለ። አራት ሰዎች ለሦስት ቀን ብለን የያዝነው ውኃ ሁለት ጀሪካን ነበር። የመጀመሪያውን ጀሪካን ግማሽ በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ሰሐን በማጠብ ጨረስነው! ቧንቧ ከፍቶ የሚኖር ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደሚያፈስስ አያውቅም፤ ጀሪካኑ ግን ያሳየዋል። ሰሐኑን ከዚያ በኋላ በአሸዋ አሸነው፤ ጠራ።

ማገዶም እንዲሁ። የሒሳብ ሠራተኛው የለመለመ የግራር ቅርንጫፍ ሊሰብር ሲታገል የድሬው ልጅ እጁን ያዘው። የወደቀ እንጂ የቆመ አይነካም፤ የግራሩ ፍሬና ቅጠል ለፍየልም ለግመልም ቀለብ ነው። የወደቀውንም ቢሆን ሴቶች ከሩቅ መጥተው ይለቅሙታል፤ ስለዚህ ለሻይ የሚበቃውን ብቻ። የድንኳናችንም ቦታ ትክክል አልነበረም። ሽማግሌው በዱላቸው ያመለከቱት ይህንን ኖሯል፦ አንዱን ድንኳን የተከልነው ለስላሳ ነው ብለን ወንዙ አሸዋ ላይ ነበር። በቆላ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ መተኛት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ፣ ዝናቡ ከላይ የሐረር ተራሮች ላይ ይወርድና ውኃው በሌሊት ይደርሳል። የደቻቱ ጎርፍ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። «አሁን እኮ ጥር ነው» አልነው። ጓደኛችን በዚያ ዓመት የሰፈሩን ሰዎች የቀበረ ነው፤ አልተከራከረንም። ተነሥቶ ካስማውን መንቀል ጀመረ። እኛም ተነሣን። ድንኳኔ ዘመም ያለችው በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ እንደገና ስለተተከለች ነው፤ ለነገሩ ቀን ብትተከልም ያው ነበረች።

እንግዲህ ሜዳ ማደር በራሱ ጥፋት ካልሆነ፣ የከነከነን ነገር ምን ነበር? ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ተጋድሜ፣ ጅብ ከሩቅ ሲያላዝን እየሰማሁ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ያልነው ትዝ አለኝ። «ሰው የሌለበት ቦታ እንሂድ» ነበር ያልነው። ለሌላ ጊዜ መናገሻ ሱባ ሄደናል፤ ባሌም ወርደን ሐረና ጫካ ውስጥ አድረናል። እዚያ ጥበቃ አለ፤ ቲኬት አለ፤ የተደለደለ የድንኳን ሥፍራ አለ፤ በየግቢው ሌላ ቡድን ሙዚቃ ከፍቶ ያገኙታል። ስለዚህ ጥበቃም ቲኬትም የሌለበት፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ አሰኘን። ካርታ ላይ ስናይ ጀልዴሳ ባዶ መሰለችን።

ጀልዴሳን «ማንም የማይደርስባት» ብሎ መምረጥ ታሪኳን ለሚያውቅ ሰው ያስቃል። ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በዚህ መንገድ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ እዚህ ሳያርፍ አያልፍም ነበር። ሜዳውን አቋርጦ የመጣው የኢሳ ግመል ከዚህ በላይ ያለውን ተራራ መውጣት ስለሚከብደው፣ ጭነቱ እዚህ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣል። ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ፤ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች። ግብጾች እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ሐረርን በያዙባቸው ዓመታት እዚህ ወታደር አስቀምጠው ነበር። እኛ ብቻችንን ነን ብለን የተጋደምንበት አሸዋ፣ በዚያ ዘመን ማታ ማታ የስንት አገር ሰው እሳት ይነድበት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ እንግዳ ታዲያ እንዲያው ዘው ብሎ አይገባም። መንገደኛ በሶማሌ ምድር ሲያልፍ «አባን» የሚሉት ሰው ያስፈልገዋል። አባን መንገድ መሪ ብቻ አይደለም። እንግዳውን በራሱ ስም የሚያስገባ፣ እንግዳው ቢነካ የሚጠየቅለት፣ እንግዳው ቢያጠፋም የሚጠየቅበት ዋስ ነው፤ ለዚህም ይከፈለዋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 ከዘይላ ወደ ሐረር ባደረገው ጉዞ ስለ አባን ብዙ ጽፏል፤ ብዙም አማርሯል። ከፋዩ ቢያማርር አይገርምም። ዳሩ ግን ነገሩን ከእንግዳው ወገን ሳይሆን ከባለአገሩ ወገን ስናየው፣ አባን ማለት «እዚህ ሰው አለ» የሚል ሥርዓት ነው። የኢሳዎች ያልተጻፈ ሕግ፣ «ሔር ኢሴ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሥፍራው ባዶ ለሚመስለው የከተማ ሰው፣ እያንዳንዱ ግራርና ኩሬ በቃል የሚታወስ ሕግ እንዳለበት ማስታወሱ አይከፋም።

ዋስ ሳይኖር ድንኳን መትከል ምን እንደሚያስከትል ጀልዴሳ ክፉ ትዝታ አላት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1886 ካውንት ፖሮ የሚባል ጣሊያናዊ የመራው ጓድ ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ በዚሁ አካባቢ አለቀ። ራሳቸውን የንግድና የጥናት ጉዞ ብለው ነበር የሚጠሩት። የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ግን ሌላ ጌታ የሚመጣበትን መንገድ የሚጠርጉ መሰሉት። እንግዳ መግደል በየትኛውም ሕግ ነውር ነው፤ ለአሚሩ ጥብቅና አልቆምም። ፍርሃታቸው ግን ከንቱ አልነበረም፤ ጌታው ከሌላ አቅጣጫ መጣ እንጂ ዓመትም አልቆየ፤ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ሐረር ገቡ። ድንኳን ለተካዩ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን ጥያቄ ነው። እነማን ናቸው? ለምን መጡ? ማን ፈቀደላቸው?

ድንኳን ያጣም በዚሁ መንገድ አልፏል። ሐረር ላይ ነጋዴ ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ በሸራ በተሸፈነ ቃሬዛ 16 ሰዎች ተሸክመውት ወደ ዘይላ ወረደ። በጉዞው በሁለተኛው ቀን ከቅፍለቱ ቀድሞ ርቆ ሄዶ ዝናብ ምድረ በዳ ላይ ያዘው፤ መጠለያ ሳይኖረው፣ መነሣትም ሳይችል 16 ሰዓት ዝናብ ላይ ተኝቶ እንዳሳለፈ ለእኅቱ ጽፎላታል። በኅዳር ወር ማርሴይ ላይ ሞተ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ከቤት መጥፋትን፣ መንገድ ላይ ማደርን እንደ ነፃነት የቆጠረ ነበር። መመለስ እየቻሉ ውጭ ማደርና መመለስ ሳይችሉ ውጭ ማደር አንድ አለመሆናቸውን እንደ እርሱ በሥጋው ያየ ሰው ጥቂት ነው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ፣ ባቡሩ ወደ ሐረር የሚወስደውን ተራራ ሸሽቶ ሜዳው ላይ ቀረና ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ነጋዴውም ግመሉን ትቶ ወደ ጣቢያው ሄደ። ጀልዴሳ ባዶ የመሰለችን ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ነው፤ ባዶ ሆና ግን አታውቅም።

«ሰው የሌለበት ቦታ» አንዳንድ ጊዜ በተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን የተሠራ ነው። ስሜን ተራሮች የሄደ ሰው የግጭን ሜዳ ያውቃል፤ ድንኳን ተክለው ጅባራውንና ጭላዳውን እያዩ የሚያድሩበት፣ ዝምታው ጆሮ የሚሞላ ሥፍራ ነው። እዚያው አጠገብ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ከ400 በላይ አባወራዎች እስከ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ግጦሹ ተራቁቶ ነበር፤ ዋልያውም መሸሻ አጥቶ ነበር። ፓርኩም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 ወጥቷል። መወሰኑ ልክ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚያድረው ሰው ግን የሚያዳምጠው ዝምታ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። ከ400 በላይ ጎጆ ጭሱን ሲያቆም የሚመጣ ዝምታ ነው።

የእኛም ጥፋት ከዚህ ወገን መሰለኝ። ሜዳ ማደራችን አይደለም። ከሰው ምድር ላይ ድንኳን ተክለን ሳለ ማንንም ያልጠየቅነው፣ የሚጠየቅ ሰው አለ ብለን ስላላሰብን ነው። ሽማግሌው ሲመጡ እኛ እንደ ባለቤት ሻይ እየጠጣን፣ እርሳቸው እንደ መንገደኛ ቆመው ተገኙ። ጓደኛችን እውነቱን መናገር ያቃተውም፣ እውነቱ ሲተረጎም «ከአንተ ደጅ መጥተን ማንም የለም ብለን ነው» የሚል ሆኖ ስላገኘው ይመስለኛል።

በነጋው የወተቱን ዕቃ ይዘን ሄድን። የሰው ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ሁላችንም ከእናቶቻችን ተምረናል፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ሞላንበት። የሽማግሌው ቤት ከድንኳናችን የአንድ ጥሪ ርቀት ላይ ነበር፤ ማታ ስንዘፍን ሰምተውናል ማለት ነው! ቤቱ «አቀል» የሚሉት ነው። የጎበጡ እንጨቶች ተገትረው በላያቸው የተሸመነ ምንጣፍ ይለብሳሉ፤ ማገሩም ምንጣፉም በገመድ የታሰረ ስለሆነ ተፈቶ በግመል ጀርባ ይጫናል። የሚሠሩትም፣ የሚተክሉትም፣ የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው። ደጁ ላይ የቤቱ ምራት ገመድ ስትገምድ አገኘናት። የአቀሉን ቅስት ሳይ የእኔዋ ዘመም ያለች ድንኳን ትዝ አለችኝና አፈርሁ። ከአቀሉ ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር የልጅ እግር ይታያል። ወተት ያመጣልን ልጅ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ተኝቷል።

በዚህ ጊዜ ጓደኛችን አልዋሸም። ቤት እንዳለን፣ ቤታችን ደኅና እንደሆነ፣ ከከተማ ጫጫታ ሸሽተን ለማረፍ እንደመጣን፣ ትናንት ያላቸው ትክክል እንዳልነበረ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ «ቤታችሁን ማን ይጠብቃል?» አሉ። ዘበኛ አለ አልን። ፈገግ አሉ፤ ምራቲቱም ሳቋን በሻሽዋ ሸፈነች። እኔ በጓደኛዬ አንደበት፣ እውነቱን ትናንት ቢያውቁ ኖሮ ወተቱን ይልኩልን እንደነበር ጠየቅሁ።

«ወተቱንማ እልክ ነበር» አሉ። «ልጁን ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስቀምጠውም ነበር።»

አልገባንም። አስደገምነው። ቤታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው፣ የጅቡን ነገር አያውቁም፣ መሣሪያም የላቸውም ብለው፣ ልጁን ከድንኳኖቻችን ባሻገር ካለው ግራር ሥር በዱላ አስቀምጠውት አድሯል። እኛ ድንኳን ውስጥ ሆነን ስለ ብቸኝነት ስንፈላሰፍ፣ ከአንድ ድንጋይ ውርወራ በማይርቅ ቦታ አንድ ልጅ እንቅልፉን አጥቶ ይጠብቀን ነበር። ጠዋት ፍየሎቹን ማሰማራት ሲገባው ተኝቷል፤ ፍየሎቹን ምራቲቱ ልታሰማራ ነው፤ ገመዱ ሳይገመድ ሊውል ነው። ያችን ወተት ብቻ ይዘን ስንከራከር ያመሸነው ከሒሳቡ ትንሿን ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛው ቦርሳውን አወጣ። ዓይኔን አፍጥጬ ልከለክለው ሞከርሁ፤ እንግዳ ተቀባይን በገንዘብ ማዋረድ መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን አልሰማኝም። «ለወተቱ አይደለም፤ ለልጁ ሌሊት ነው በልልኝ» አለ ለተርጓሚያችን። ሽማግሌው ገንዘቡን ተቀብለው ለምራታቸው ሰጡ፤ ቅር ያላቸው አይመስሉም። አባንም እኮ ይከፈለው ነበር! ከአራታችን ነገሩን በትክክል ያየው፣ ማታ የናቅነው ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ጓደኛችን ትናንት ልንጠይቅ የሚገባንን የጠየቀው፤ ሁለት ሌሊት እዚያው ማደር እንችል እንደሆነ። ሽማግሌው የት ቦታ እንድንተክል ራሳቸው መጥተው አሳዩን፤ ከአሸዋውም ከግመሎቹ መንገድም ራቅ ያለ ቦታ ነው። ልጁ ዛሬ አይምጣ፣ ራሳችንን እንጠብቃለን ብንል እሺ አላሉንም። እንግዳቸው መሆናችን አሁን ታውቋል።

ሲመሽ ልጁ ዱላውን ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ጨለማው ውስጥ ሳይሆን እሳቱ ዳር ተቀመጠ። ሻይ ሰጠነው፤ አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። የድንኳኑን ዚፕ ደጋግሞ ሲያይ ቆይቶ ውስጡን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። የመረጠው የእኔኑ ዘመም ያለችውን ነው። ገባ፤ ዚፑን ከውስጥ ዘጋ፤ ከፈተ፤ እንደገና ዘጋ፤ በባትሪ ጣራውን ሲያበራ ጥላው በሸራው ላይ ይታየን ነበር። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ጠፋ። ብንጠራው መልስ የለም። ተኝቷል።

ማንም ሊቀሰቅሰው አልፈለገም። የሒሳብ ሠራተኛው ዱላውን አነሣና ሰዓቱን አየ፤ ሌሊቱን ለአራት አካፈለው። የእኔ ተራ ከዘጠኝ እስከ ንጋት ሆነ። ጅቡ ያን ሌሊትም መጣ፤ ግን ከወንዙ ማዶ ነበር፤ እኔም እንጨት ጨመርሁበት።